ከዩኒፎርሙ ስር፦ ሀብታምና ድሃ ተማሪዎች

የሀብታምና የድሃ ቤተሰብ ልጆች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ከአንድ መጽሐፍ ሊማሩ ይችላሉ። ጠዋት በልተው መምጣታቸው፣ ማታ የሚያጠኑበት ቦታ፣ ጥያቄ ሲከብዳቸው የሚያስረዳቸው ሰው፣ ፈተና ቢወድቁ የሚጠብቃቸው አማራጭ ግን ለየቅል ነው። ይህን ልዩነት ትምህርት ቤት አልፈጠረውም፤ ተማሪዎቹ ከየቤታቸው ይዘውት ይመጣሉ። ትምህርት ቤት የኑሮውን ልዩነት ተቀብሎ የጉብዝናና የስንፍና ልዩነት አድርጎ መልሶ ያወጣዋል። ማታ መብራት ያጣ ልጅ የቤት ሥራውን ያልሠራ ተማሪ ይሆናል። አስጠኚ የተቀጠረለት ደግሞ ፈጣን ተማሪ ይባላል። በሁለቱም ካርድ ላይ የተጻፈው ውጤት እውነተኛ ነው፤ ውጤቱ የመጣበት መንገድ ግን ካርዱ ላይ የለም።

ልዩነቱ በየትኛውም ዕድሜ አለ፤ በጉርምስና ጊዜ ግን መልኩ ይለወጣል። የ7 ዓመት ልጅ የጓደኛውን ትልቅ ቤት አይቶ ይገረማል፣ ከዚያ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። የ15 ዓመቱ ልጅ ያንኑ ቤት ሲያይ የራሱን ቤት ያስባል፤ ጓደኛው አንድ ቀን "እናንተ ቤት እንሂድ" እንዳይለው ይሰጋል። በዚህ ዕድሜ እኩዮች የሚሉት ነገር ከወላጅም ከመምህርም ቃል በላይ ይከብዳል። ሰውነት በአንድ ክረምት ያድጋል፣ ሱሪ ያጥራል፣ ጫማ ይጠብባል። ወንድና ሴት መተያየት ይጀምራሉ። ወደፊት ምን ትሆናለህ የሚለው ጥያቄ የጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የምር ይሆናል። ገንዘብ በእያንዳንዱ ውስጥ እጁን ያስገባል።

ጉዳዩን ቀድመው ካጠኑት ምሁራን አንዱ አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ ኦገስት ሆሊንግስሄድ ነው። በኢሊኖይ ግዛት በአንዲት ትንሽ ከተማና በአካባቢዋ የሚኖሩ 735 ታዳጊዎችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚወዳጅ፣ ማን ምን ውጤት እንደሚያገኝ፣ ማንስ ትምህርቱን እንደሚያቋርጥ ከቤተሰቡ ደረጃ ጋር በእጅጉ የተያያዘ መሆኑን አሳየ። ይህ የሆነው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በነፃ በሚሰጥበት አገር ነው። በሩ ለሁሉም መከፈቱ በውስጡ ያሉትን እኩል አላደረጋቸውም።

ከአንድ ግቢ ወደ ብዙ ግቢ

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ትምህርት የመጀመሪያ ተማሪዎች በአብዛኛው የመኳንንት ልጆች ነበሩ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ካሉ ቤተሰቦች ውጭ ልጁን ለፈረንጅ ትምህርት የሚሰጥ ወላጅ ብዙ አልነበረም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትና በኮተቤ የነበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጆችን በአዳሪነት ይቀበሉ ነበር። አልጋውንም ምግቡንም የሚችለው ትምህርት ቤቱ ስለነበር፣ ማታ ማታ ሁሉም በአንድ ዓይነት መብራት ስር ያጠና ነበር። ቦታው እጅግ ጥቂት መሆኑ ግን አይዘነጋም፤ በዚያ ዘመን አብዛኛው የአገሪቱ ልጅ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ሆኖም በትምህርት አማካይነት ከድሃ ቤት የወጣ ትውልድ ተፈጥሮ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1958 ዓ.ም. ሾላ ስለነበረው የለማኞች ማቆያ "ድህነት ወንጀል ነው ወይ?" ብለው አደባባይ ሲወጡ፣ ጥያቄው ለብዙዎቹ የመጡበትን ቤት የሚመለከት ነበር።

ደርግ እ.ኤ.አ. በ1975 የግል ትምህርት ቤቶችን ወረሰ። ከቤተ ክርስቲያንና ከጥቂት የውጭ ማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች በቀር የከተማው ልጅ በቀበሌው አቅራቢያ ባለ የመንግሥት ወይም የሕዝብ ትምህርት ቤት ተማረ። በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ ይታጨቅ ነበር፤ ጥራቱም ብዙ የሚነሳበት ነበር። የመምሪያ ኃላፊው ልጅና የጉሊት ነጋዴዋ ልጅ አንድ ወንበር ላይ ሊቀመጡ የሚችሉበት ዘመን እንደነበር ግን ይታወሳል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ያለው ትምህርት በነፃ እንዲሆን ደነገገ። በዚያው ዘመን ለግል ባለሀብቶች በሩ ተከፈተና በተለይ አዲስ አበባ ውስጥ የግል ትምህርት ቤት በየሰፈሩ በቀለ።

አዲስ አበባ ከብዙ ትልልቅ ከተሞች የምትለይበት አንድ ነገር ነበራት። ሰፈሮቿ በመኳንንት ግቢዎች ዙሪያ የተመሠረቱ በመሆናቸው የቪላው አጥርና የቀበሌ ቤቱ ግድግዳ ተደጋግፈው ኖረዋል። የሀብታሙና የድሃው ልጅ በአንድ ሜዳ ኳስ ይራገጡ፣ በቡሄ አብረው ይጨፍሩ፣ ከአንድ ሱቅ ማስቲካ ይገዙ ነበር። የግል ትምህርት ቤት ሲስፋፋ መጀመሪያ የለየው ጠዋቱን ነው፤ አንዱ በሰርቪስ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሌላው በእግሩ ወደ ሌላ ይሄዳል። ከዚያ ደግሞ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱና ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ሲዛወር፣ ገንዘብ ያለው በጥበቃ በታጠረ የሪል እስቴት መንደር ሲገባ፣ ከሰዓት በኋላውም ተለየ። ዛሬ በከተማዋ ያለ የ16 ዓመት ሀብታም ልጅ ከእኩያው ድሃ ጋር ስሙን እየጠራ ሳያወራ ዓመት ሊያልፈው ይችላል። የመደብ ልዩነት በትምህርት ቤት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው በአንድ ክፍል ውስጥ ያለውን መናናቅ ነው፤ ከሁሉ የሚከፋው ጉዳት ግን ሁለቱ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ አለመገናኘታቸው ነው።

ልዩነቱ ሀብታምና ድሃ ተብሎ ለሁለት ብቻ አይከፈልም። ከላይ የዲፕሎማትና የትልቅ ነጋዴ ልጆች የሚማሩባቸው፣ የውጭ አገር ሥርዓተ ትምህርት የሚከተሉ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች አሉ። ቀጥሎ ስመ ጥር የግልና የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ይመጣሉ። ከእነሱ በታች በተከራዩት ቪላ ግቢ ውስጥ የሚያስተምሩ፣ ክፍያቸው መካከለኛ የሆነ ብዙ ትምህርት ቤቶች አሉ። ወላጆች ከትምህርት ቤቶቹ ጋር በየክረምቱ በክፍያ ጭማሪ የሚከራከሩት በተለይ በዚህ እርከን ነው፤ ደመወዝተኛው ቤተሰብ ከጤፉና ከቤት ኪራዩ ቀንሶ የሚከፍለው እዚህ ነውና። ከዚያ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይከተላል።

ከመንግሥት ትምህርት ቤትም በታች፣ ብዙ ጊዜ ከቁጥር የማይገባ አንድ እርከን አለ፤ የማታ ትምህርት። ማታ ማታ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ክፍሎች ከሚሞሉት ብዙዎቹ በየቤቱ ተቀጥረው የሚሠሩ ታዳጊ ሴቶች ናቸው። ከገጠር የመጣች የ16 ዓመት ልጅ ጎህ ሲቀድ ተነስታ ለአሠሪዋ ልጅ ምሳ ዕቃ ትቋጥራለች፤ ያቺ ልጅም 16 ዓመቷ ሊሆን ይችላል። አንደኛዋ 10ኛ ክፍል ናት፣ ሌላዋ ማታ 4ኛ ክፍል ትማራለች፤ እሱም አሠሪዋ ከፈቀዱና የእራት ዕቃ ታጥቦ ካለቀ ነው። በአንድ ጣሪያ ስር የሚያድሩ ሁለት እኩዮች ይህን ያህል መራራቃቸው ስለ መደብ ልዩነት ከብዙ ሰንጠረዥ በላይ ይናገራል።

በግቢ ውስጥ

ዩኒፎርም የሚለበሰው ልዩነትን ለመሸፈን ነው፤ ብዙውንም ይሸፍናል። የማይሸፍነውን ግን ታዳጊዎች በአንድ እይታ ያነቡታል። ጫማው ኦርጅናል ነው ወይስ ሰልባጅ? ሹራቡ የዘንድሮ ነው ወይስ የታላቅ ወንድም? ቦርሳው፣ የእጅ ሰዓቱ፣ የፀጉር ሥራው፣ ከሁሉም በላይ ስልኩ ይታያል። ያልገባው "ፋራ" ይባላል፤ ሙድ ይያዝበታል። ስድቡ ስለ ድህነት አይመስልም፤ ስለ ዘመናዊነት ይመስላል። ግን ዘመናዊነቱ የሚገዛው በገንዘብ መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ምሳ ሰዓት ሌላው መገናኛ ነው። ምሳ ዕቃ ሲከፈት የእያንዳንዱ ቤት ወጥ ይወጣል። ሩዝ በሥጋ፣ ፓስታ በእንቁላል፣ ሽሮ ፍርፍር፣ አንዳንዴም በርበሬ ብቻ የነካው ደረቅ እንጀራ አለ። ባህሉ አብሮ መብላትን ስለሚያዝዝ ምሳ ዕቃዎች በአንድ ጠረጴዛ ይሰባሰባሉ፤ ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ብዙ ልጅ በጓደኞቹ ጉርሻ ጠግቦ ከሰዓቱን ተምሯል። ነገር ግን ታዳጊው ይሉኝታ አለው። በየቀኑ ሽሮ ይዞ የሥጋ ወጥ ላይ እጁን መስደድ ይከብደዋል፤ ስለዚህ "ጠግቤአለሁ" ይልና ወደ ሜዳ ይወጣል ወይም ቤተ መጻሕፍት ይገባል። ምንም ያልያዘው ደግሞ ከነጭራሹ ከክፍል ጓደኞቹ የሚርቅበትን ሰበብ ይፈልጋል። መምህራን ብቸኛ ወይም ኩሩ የሚሏቸው አንዳንድ ተማሪዎች ምሳ የሌላቸው ተማሪዎች ናቸው።

ገንዘብ የሚጠይቁ ትንንሽ ነገሮችም አሉ፦ የጉብኝት ጉዞ፣ የፎቶ ኮፒ መዋጮ፣ የክፍል ልደት፣ የምርቃት ሱፍና ቀሚስ፣ የ12ኛ ክፍል የስንብት ቲሸርት። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው። የሚከብደው ተራ በተራ እየመጣ በየጊዜው "እኔ አልሄድም" የሚያሰኝ መሆኑ ነው። ተማሪው አልሄድም ሲል ብር የለኝም አይልም፤ ደስ አይለኝም ይላል። ይህ ሲደጋገም ከቡድኑ ውጭ መሆን የራሱ ምርጫ ይመስላል።

ክፍያ ላይ የሚደርሰው ግን ምርጫ አይመስልም። አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ክፍያ ያዘገዩ ወላጆችን ልጆች በክፍል ውስጥ ስም ጠርተው ያስወጣሉ፣ ከፈተና ያግዳሉ ወይም ካርድ ይይዛሉ። ዕዳው የወላጅ ነው፤ በእኩዮቹ ፊት የሚያፍረው ግን ልጁ ነው። ትምህርት ቤቱ ለሠራተኞቹ የሚከፍለው ከዚያው ክፍያ መሆኑ እውነት ነው። ከወላጅ ጋር በስልክና በቢሮ ሊያልቅ የሚችል ጉዳይን ግን ወደ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ማምጣት ጭካኔ ነው።

አንድ ቡድን ደግሞ ከሁለቱም ጎራ አይገባም። እናቱ ዓረብ አገር ሠርታ የምትልክለት ልጅ ጥሩ ስልክና ጥሩ ጫማ ሊኖረው ይችላል። የሚኖረው ግን ከአያቱ ወይም ከአክስቱ ጋር ነው፤ የወላጅ ስብሰባ ቀን የሚመጣለት ሰው የለም፤ የሚላከው ገንዘብም ለቤተሰቡ ሁሉ የሚከፋፈል ነው። ዕቃው ብቻ ሲታይ ባለጸጋ ይመስላል። ቤት ውስጥ ትምህርቱን የሚከታተልለት ሰው ካለመኖሩ አንጻር ሲታይ ግን ከድሆቹ ተማሪዎች ጋር ይመደባል።

ከደወሉ በኋላ

ተማሪዎች በክፍል የሚያሳልፉት ሰዓት ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ የሚሰፋው ደወሉ ከተደወለ በኋላ ባለው ጊዜ ነው። አንዱ ቤቱ ገብቶ መክሰስ ይበላል፣ አስጠኚው ይመጣል፣ ሒሳብና ፊዚክስ ይከልሳል። ሌላው ውኃ ይቀዳል፣ ታናናሾቹን ይጠብቃል፣ የእናቱን ጉሊት ይረከባል ወይም ሱቅ በደረቴ ይዞ ይዞራል። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነው በሚያድሩበት ቤት ቴሌቪዥኑ ሲበራ ለሁሉም ይበራል፣ መብራቱ ሲጠፋም ለሁሉም ይጠፋል። ለማጥናት የቀረው ጊዜ ሁሉም ከተኛ በኋላ ያለው ነው።

ያንግ ላይቭስ የተባለው፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ የረጅም ጊዜ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ በ20 ቦታዎች የሚኖሩ 3000 ያህል ልጆችን ሲከታተል ኖሯል። ብዙዎቹ ልጆች ሥራና ትምህርትን አጣምረው እንደሚያድጉ፣ በሕፃንነት የደረሰ የምግብ እጥረትም ከዓመታት በኋላ በክፍል ከሚታየው የትምህርት ችሎታ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ይህም ማለት አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ዛሬ የሚፈተነው ፈተና ውጤት በከፊል የተወሰነው ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት በነበረው ማዕድ ነው።

በሴት ልጆች ላይ ሸክሙ ይደረባል። የቤት ሥራው በባህል የእነሱ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ ከወንድሞቻቸው ያነሰ የጥናት ሰዓት ይኖራቸዋል። የወር አበባ ሲመጣ ሞዴስ መግዛት የማትችል ልጅ ጨርቅ ትጠቀማለች ወይም ከትምህርት ትቀራለች፤ የትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ቤት ውኃና የሚዘጋ በር ከሌለው ደግሞ ጨርቁም አይበጃትም። በየወሩ ጥቂት ቀን የቀረች ተማሪ በዓመቱ መጨረሻ ብዙ ምዕራፍ አምልጧታል። መቀሌ ውስጥ እየታጠበ የሚያገለግል የንጽሕና መጠበቂያ የሚያመርት ፋብሪካ ያቋቋመችው ፍሬወይኒ መብራህቱ በዚሁ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላ ተመርጣለች። ሽልማቱ ለዘመናት በሹክሹክታ እንኳ የማይነሳን ጉዳይ አደባባይ አወጣው።

ቴክኖሎጂ ርቀቱን አላጠበበውም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ማስታወሻና የቤት ሥራ በቴሌግራም መላክ ቀጠሉ። ለሌላው በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ተሰራጨ፤ ስማርት ስልክም ቴሌቪዥንም በሌለበት ቤት ግን ትምህርቱ ለወራት ቆመ። ከዚያም አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል የታተመ መጽሐፍ በጊዜው ስላልደረሰ ብዙ ትምህርት ቤቶች በሶፍት ኮፒ ለመጠቀም ተገደዱ። ስልክ ያለው መጽሐፉን በኪሱ ይዞ ሲዞር፣ የሌለው መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ብቻ ገልብጦ ሄደ።

ቋንቋው ራሱ አንድ ግድግዳ ነው። የግል ትምህርት ቤት ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እንግሊዝኛ ይሰማል፤ በቤቱም የእንግሊዝኛ ፊልምና መጽሐፍ አለ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማራል። ይህ በትምህርት ሳይንስ ትክክለኛው መንገድ ነው፤ ልጅ የሚገባው በሚያውቀው ቋንቋ ሲማር ነው። ችግሩ ዘግይቶ ይመጣል። 9ኛ ክፍል ላይ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ በቂ የእንግሊዝኛ መሠረት ያላገኘው ተማሪ ትምህርቱን ከመረዳቱ በፊት ቋንቋውን መፍታት አለበት። ሐሳቡን በአማርኛ ቢጠየቅ አሳምሮ የሚያስረዳ ልጅ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ አንገቱን ይደፋል፤ ዝምታውም አለማወቅ ተደርጎ ይያዛል።

እጅ ማውጣት

የተማሪ ችሎታ በሰው ፊት ሲለካ የኑሮ ደረጃ ምን እንደሚያደርግ ከሚያሳዩ ጥናቶች ውስጥ የፈረንሳዮቹ የሴባስቲያን ጉዶና የዣን ክሎድ ክሯዜ ሥራ በዝርዝር ሊታይ የሚገባው ነው። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጽሑፍ በ11 እና በ12 ዓመት ዕድሜ ያሉ ተማሪዎችን በክፍላቸው ውስጥ ከበድ ያለ ጥያቄ አሠሯቸው። በአንዳንዶቹ ክፍሎች መልሱን ያገኘ ተማሪ እጁን እንዲያወጣ ተደረገ፤ በሌሎቹ ማንም እጁን አላወጣም። እጅ በሚወጣባቸው ክፍሎች የሠራተኛው መደብ ልጆች ውጤት ወረደ። ጥያቄው ያው ነው፣ ጊዜው ያው ነው፤ የተጨመረው የሌሎችን እጅ ማየት ብቻ ነው። እጆች ሲወጡ ያየ ልጅ "እኔ አልችልም" ወደሚል ሐሳብ ይሄዳል፤ ልቡም ከጥያቄው ይርቃል።

ከዚህም የሚበልጠው የጥናቱ ሁለተኛ ክፍል ነው። ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ አዲስ ነገር አስቀድመው የበለጠ እንዲለማመዱ ተደረገ። ይህ የልምምድ ልዩነት መኖሩ ለክፍሉ በግልጽ ሲነገር ጉዳቱ ቀነሰ። ልጁ ከሌሎቹ የዘገየው ችሎታ ስላጣ ሳይሆን እነሱ ቀድመው ስለተለማመዱ መሆኑን ካወቀ ተስፋ አይቆርጥም። ትምህርት ቤቶች ግን በአብዛኛው የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው። በአዲስ አበባም በክፍለ አገርም ደረጃ በይፋ ይነበባል፤ ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ይሸለማሉ፤ ማን አስጠኚ እንዳለው፣ ማን ቤት ውስጥ የተማረ ወላጅ እንዳለው፣ ማን ሌሊት ሲያጠና እንደሚያድር አይነገርም። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ደረጃ የወጡትን ለይተው በአንድ ክፍል ያስቀምጣሉ። የሚለዩት በጉብዝና ነው፤ ተለይተው ሲታዩ ግን በኑሮም የሚመሳሰሉ ይበዙባቸዋል።

መምህሩ በዚህ ውስጥ ከባድ ቦታ አለው። በሚገባ የሚናገር፣ ዓይን ለዓይን የሚያይ፣ ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ መምህሩን ያበረታታል፤ ሳያውቀውም ወደ እሱ ያዘነብላል። ሀብታም ቤት ያደገ ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር መከራከርን ብዙ ጊዜ ከቤቱ ተምሮ ይመጣል። ድሃ ቤት ያደገው ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ማለትን፣ መሬት መሬት ማየትን፣ አለማስቸገርን ተምሯል። ሁለቱም የጨዋ ልጅ አስተዳደግ ነው፤ በክፍል ውስጥ ዋጋ የሚሰጠው ግን የመጀመሪያው ነው።

ሲገናኙ

የተለያየ ኑሮ ያላቸው ልጆች አብረው ቢማሩ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ በሕንዷ ዴልሂ መልስ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የከተማዋ ታላላቅ የግል ትምህርት ቤቶች ለድሃ ቤተሰብ ልጆች ነፃ ቦታ እንዲሰጡ ተገደዱ። የሀብታም ወላጆች ስጋት ብዙ ነበር። የኢኮኖሚ ምሁሩ ጋውታም ራኦ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን አጥንቶ ያገኘው ውጤት ግን ስጋቱን የሚያረግብ ነበር። ድሃ የክፍል ጓደኛ ያላቸው ሀብታም ልጆች ይበልጥ ለጋስ ሆኑ፣ ለበጎ ሥራ በፈቃዳቸው ወጡ፣ በዱላ ቅብብል ሩጫ ቡድን ሲመርጡም ልጁ ድሃ መሆኑን ትተው ሯጭነቱን አዩ። በሒሳብና በሂንዲ ውጤታቸው ላይ ጉዳት አልታየም፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ጥቂት ቅናሽ ነበር።

ከዚህ የሚታየው ከመለያየት የሚከስረው ድሃው ብቻ አለመሆኑ ነው። በአንድ ዓይነት ሰዎች መካከል ብቻ ያደገ ሀብታም ልጅ ነገ ሐኪም፣ ዳኛ፣ የባንክ ኃላፊ ሲሆን የሚያገለግለውን ሕዝብ አያውቅም። ታክሲ ውስጥ የሚጋፋውን፣ ቀበሌ የሚሰለፈውን፣ ጤና ጣቢያ የሚያድረውን ሰው በወሬ ነው የሚያውቀው።

አንድ ግቢ ውስጥ መሰብሰብ ብቻውን ግን አይበቃም። በራጅ ቼቲ የሚመራ የምሁራን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 ከ70 ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን የፌስቡክ ተጠቃሚዎችን ጓደኝነት መርምሮ፣ ሀብታምና ድሃ የሚራራቁበት ምክንያት ግማሽ ያህሉ አንድ ቦታ አለመገናኘት፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ተገናኝተውም አለመወዳጀት መሆኑን አሳይቷል። ድሃ ልጆች ከሀብታሞች ጋር የሚወዳጁበት አካባቢ ያደጉት ከፍ ያለ ገቢ ላይ የመድረስ ዕድላቸውም ሰፊ ነው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ስለ ነፃ የትምህርት ዕድል፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ማመልከቻ አጻጻፍ የሚሰማው ከጓደኛና ከጓደኛ ወላጅ ነው።

ትምህርት ቤቶች ይህን ወዳጅነት የሚያግዙበት መንገድ ቀላል ነው። መቀመጫን ማፈራረቅ፣ የቡድን ሥራን መምህሩ እንዲደለድል ማድረግ፣ የስፖርትና የክበብ መዋጮን ማስቀረት፣ ጉብኝትን ሁሉም በሚችለው ዋጋ ማዘጋጀት ገንዘብ አይጠይቁም ወይም ጥቂት ይጠይቃሉ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ምግብ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለመቶ ሺዎች ተማሪዎች የምገባ ፕሮግራም ጀመረ፤ ዩኒፎርምና ደብተርም አብሮ ማደል ያዘ። ምገባው ከዚያ በፊት በበጎ አድራጊዎች ሲካሄድ ድሃ የተባሉት ብቻ ተለይተው ይበሉ ስለነበር፣ ርቦት እንኳ መለየቱን የሚፈራ ልጅ ነበር። ለሁሉም ሲሆን ግን ትሪ ይዞ መሰለፍ የድሃ ምልክት መሆኑ ቀረ። ከሁሉም ይበልጥ ትኩረት የሚያሻው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው፤ ረሃብን ይሉኝታ የሚሸፍነው በዚያ ዕድሜ ነውና።

የአዳሪ ትምህርት ቤት አሠራርም ተመልሷል። አዳማ ያለው የኦሮሚያ ልማት ማኅበር ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤትና መቀሌ ያለው የቃላሚኖ ትምህርት ቤት በውጤታቸው የታወቁ ናቸው። ልጆቹ በፈተና ተመርጠው የገቡ ስለሆኑ ውጤቱን ሁሉ ለአዳሪነቱ መስጠት አይገባም። ሆኖም ከገበሬ ቤት የመጣ ልጅ አልጋ፣ ምግብ፣ መብራትና ጸጥታ ሲያገኝ ከማንም እንደማያንስ አሳይተዋል። ለብዙኃኑ ይህን ያህል ማድረግ ባይቻል እንኳ የትምህርት ቤትን ቤተ መጻሕፍት እስከ ምሽት ክፍት ማድረግ ይቻላል፤ ለአንድ ክፍል ቤት ልጅ ይህ ራሱ ግማሽ አዳሪ ቤት ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና

እነዚህ ሁሉ ዓመታት በአንድ ፈተና ይደመደማሉ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2014 የትምህርት ዘመን ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ጀመረ። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። በእያንዳንዱ ዓመት ከ1000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ፈተናው የጠራ መሆኑ መልካም ነው፤ ዓመታት ሙሉ በኩረጃ ተሸፍኖ የቆየውን አሳይቷል። ጥያቄውና ሰዓቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ወደ ፈተናው የደረሱበት ዝግጅት ግን በላቦራቶሪ ተለማምዶ የመጣውንና ላቦራቶሪ በሥዕል ብቻ ያየውን ያህል የተራራቀ ነው።

ከውጤቱ በኋላ ያለው ደግሞ ሌላ ልዩነት ነው። ያለፈው ድሃ ልጅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይገባል፤ ወጪውንም በወጪ መጋራት ሥርዓት ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። ለጥቂት ነጥብ ያመለጠው በሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ፕሮግራም አንድ ዕድል ያገኛል። ያልሆነለት ሀብታም ልጅ የግል ኮሌጅ አለው፣ የውጭ አገር ትምህርት ቤት አለው፣ የአባቱ ድርጅት አለው፣ ዓመት ጠብቆ በአስጠኚ ተዘጋጅቶ በግል መፈተንም ይችላል። ያልሆነለት ድሃ ልጅ ቴክኒክና ሙያ ይገባል ወይም በ18 ዓመቱ ሥራ ፍለጋ ይወጣል፤ ታናናሾቹ ምን ያህል እንደሚማሩም ብዙ ጊዜ የሚወሰነው እሱ በሚያገኘው ሥራ ነው።